መልስ፦ መድገም ለምን መልሱ አልሆነም?

ሰላም እህቴ። የጠየቅሽው ስለ 12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ልምምድ የቅጠል ጥያቄ ነው። የቅጠሉ ግማሽ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ውጭ፣ ተክሉ ፀሐይ ላይ። ሙከራው ቅጠል ስታርች (የሚያከማቸውን ምግብ) ለመሥራት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልገው እንደሆነ ለማየት ነው። "የሙከራውን ቫሊዲቲ (የታሰበውን ነገር በትክክል መፈተኑን) የሚያሻሽለው የቱ ነው?" ሲል "ብዙ ጊዜ መድገም" ብለሽ መለስሽ፤ ስህተት ተባለ።

መድገም የሚያግዘው ሪላያቢሊቲን (ሲደገም ተመሳሳይ ውጤት መስጠቱን) ነው። አሠራሩ የተበላሸ ሙከራ መቶ ጊዜ ቢደገም ያው የተበላሸ ነው። ቫሊዲቲ ሲመጣ ራስሽን ጠይቂ፦ ይህን ውጤት ሌላ ምን ሊያመጣው ይችላል?

እስቲ እዚህ ላይ እንሞክረው። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይመጥጣል። ስለዚህ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግማሽ አዲስ ስታርች አይሠራም፤ በአዮዲን ሲፈተሽም ወደ ጥቁር ሰማያዊ መቀየር የለበትም። ግን ተክሉ አስቀድሞ ጨለማ ውስጥ ቆይቶ የያዘውን ስታርች ካልጨረሰ፣ የድሮው ስታርች በሁለቱም በኩል አለ። ሁለቱም ይጠቁራሉ፣ ምንም ሳታውቂ ቀረሽ ማለት ነው።

ሁለተኛዋ ቀዳዳ ተንኮለኛ ናት። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግማሽ ከውጭው የሚለየው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ መሰለሽ? እርጥበቱም ሙቀቱም ሌላ ነው። ጥሩ ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) የሚሆነው ተመሳሳይ ጠርሙስ ነው፣ በኬሚካሉ ፈንታ ውሃ ብቻ ያለበት።

ጥያቄው "ተክሉ ለ48 ሰዓት ጨለማ ውስጥ ቆይቷል" ካለሽ የመጀመሪያው ቀዳዳ ተደፍኗል፤ የውሃውን ጠርሙስ ምረጪ። ስለ ጨለማ ምንም ካላለና ምርጫዎቹ ውስጥ ካገኘሽው ግን ጨለማውን አስቀድሚ፤ ያለሱ ውጤቱ ራሱ አይነበብም።