አዲስ አበባ አንድ ቀለም ብቻ ሆነችብኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። እህቴ የምትኖረው ሚኒሶታ ነው። አምና የዓመቱን አየር በጨርቅ ሰፍታ ፎቶውን ላከችልኝ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቁራጭ ጨርቅ ትመድባለች፣ ቀለሙን የዚያ ቀን ሙቀት ይወስነዋል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም ተገጣጥሞ ብርድ ልብስ ይሆናል። ፈረንጆቹ ኩዊልት ይሉታል። እናቴ ግን ፎቶውን አይታ «ይሄማ ድሪቶ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ ቀናሁና ከመስከረም 1 ጀምሮ የአዲስ አበባን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው። የቀለም ሰንጠረዡን ከእህቴ ወሰድኩ፣ በየ10 ዲግሪ ፋራናይት አንድ ቀለም። ጥቅምት ሲያልቅ ብቆጥረው ከጥቂት ቀን በቀር ሁሉም ቢጫ! ልተወው እንዴ?
ከኮተቤ

መልስ፦ ኧረ አትተይው! ጥፋቱ የሰንጠረዡ ነው። ሚኒሶታ በብርዱ ወራት ከዜሮ ፋራናይት በታች ይወርዳል፣ በሙቀቱ ጊዜ 90ን ያልፋል፣ ስለዚህ ለእህትሽ 10 ዲግሪ ልክ ነው። የእኛ ቀን ግን አብዛኛውን ዓመት ከ70 እስከ 79 መሃል ነው የሚውለው፣ በሴንቲግሬድ ከ21 እስከ 26 ገደማ። በእሷ ሰንጠረዥ ይሄ ሁሉ አንድ ቀለም ነው። ፋራናይቱን እርሺው፣ በሴንቲግሬድ በየ2 ዲግሪ መድቢ።

ከሁሉም በላይ ግን የሌሊቱን ቁጥር አትጣይው። አዲስ አበባ ላይ ወሬው ያለው እዚያ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥን አስቢ፦ ጠዋት ተጠቅልለሽ ትወጫለሽ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሹራብሽን በእጅሽ ይዘሽ ጥላ ጥላውን ትሄጃለሽ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሌሊቱ 10 ወይ 11፣ ቀኑ ቢሞቅ ቢሞቅ 20 ወይ 21፣ ሁለቱ ተቀራርበው ይከርማሉ። ስለዚህ ለአንድ ቀን ሁለት ቁራጭ ስፊ፣ አንዱ ለሌሊት አንዱ ለቀን።

እኔ ብሆን ሌሊቱን በሰማያዊ ቤተሰብ አደርገዋለሁ። ከ6 በታች ድፍን ጥቁር ሰማያዊ፣ ከዚያ 6 እና 7፣ 8 እና 9፣ 10 እና 11 እያልሽ እየፈዘዘ፣ 12 እና ከዚያ በላይ ውሃ ሰማያዊ። ቀኑ ተቃራኒ፦ እስከ 18 ክሬም፣ 19 እና 20 ፈዛዛ ቢጫ፣ 21 እና 22 ደመቅ ያለ ቢጫ፣ 23 እና 24 ብርቱካናማ፣ 25 እና 26 ቀይ፣ 27 እና በላይ ዳማ። በጠቅላላው 11 ጨርቅ ነው። ውጤቱን ገምቺ፦ የክረምቱ ቀናት ፈዛዛ ከፈዛዛ ጎን ስለሚያርፉ ደመና ይመስላሉ፣ የታኅሣሦቹ ግን ጥቁር ሰማያዊ ከብርቱካናማ ጋር ተፋጠው ዓይን ይይዛሉ። ብርቱካናማ ካልወደድሽ በሌላ ቀለም ቀይሪው፣ ምክንያቱም መሃል ላይ ያሉት ቀለሞች የብርድ ልብሱን ግማሽ ይሸፍናሉ፣ የማትወጂውን ቀለም እዚያ ካስቀመጥሽ ዓመቱን ሙሉ ስትረግሚው ነው የምትኖሪው። መርካቶ ስትሄጂ ጨርቆቹን ደርድሪና በስልክሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሺ። ጎረቤታም ቀለሞች አንድ ዓይነት ግራጫ ከመሰሉ ከሩቅ አይለዩም፣ አንዱን ቀይሪ።

አቀማመጡ ላይ ደግሞ የእኛ ካላንደር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። 12 ወር በ12 ዓምድ፣ እያንዳንዱ ልክ 30 ቀን። የፈረንጆቹ 28 እና 31 እያለ ያስጨንቃል። የሌሊቱ ቁራጭ ተሰፍቶ 5 በ7 ተኩል ሳንቲም ይሁን፣ የቀኑ 7 ተኩል በ7 ተኩል። በየጎኑ ለስፌት 7 ተኩል ሚሊ ጨምረሽ ቁረጪ፣ ማለትም 6 ተኩል በ9 እና 9 በ9። ወርዱ 150፣ ቁመቱ 225 ይመጣል። ጳጉሜስ? እሷን ከታች አግድም አድርጊያት፣ አምስቱ ቀን እያንዳንዳቸው 30 ሳንቲም ሲሆኑ 150ው ይሞላል። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2019፣ 25 ሳንቲም ይሆናሉ። (ይሄን ሳሰላው ብቻዬን ሳቅኩ፣ እንዲህ ልክክ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም።)

ግዢ ላይ፦ ጨርቁ ወርዱ 110 ከሆነ 9 ሳንቲም ቁመት ካለው ከአንድ ቅዳጅ 12 የቀን ቁራጭ ይወጣል። 100 ቀን ለሚደጋገም ቀለም 9 ቅዳጅ፣ 81 ሳንቲም መሆኑ ነው፣ ሻጩን «ወንድሜ፣ አንድ ሜትር ቁረጥልኝ» በዪው። የመሃሎቹን አንዴ ግዢ፣ ቆይተሽ ስትመለሺ «ያው ነው» የሚሉሽ ቢጫ ያው አይደለም። የዳር ዳሮቹ ሩብ ሜትር ይበቃቸዋል። ሁሉም ጥጥ ይሁን፣ ከቴትሮን ጋር ከቀላቀልሽ ሲታጠብ ጥጡ ብቻ ያጥርና ይኮማተርብሻል። ቀዩንና ጥቁር ሰማያዊውን ደግሞ ሳትቆርጪ እጠቢ፣ እርጥቡን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርገሽ ተኩሺው፣ ነጩ ቀለም ከነካው እንደገና እጠቢ።

የሙቀቱን ቁጥር ከአንድ ቦታ ብቻ ውሰጂ። ዛሬ ከስልክ ነገ ከማታው ዜና ካልሽ በ1 ወይ 2 ዲግሪ ይለያያሉ፣ ያቺ ደግሞ ላንቺ አንድ ሙሉ ቀለም ናት።

ለገበሩ ሰፊ ያረጀ የጥጥ አንሶላ አሪፍ ነው። እናትሽን ጠይቂያት፣ ድሪቶ ያለችው እሷ አይደለች፣ ታዋጣ።