ለሐረር ሁለት ቀን ይበቃል ወይ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ጽሑፌ «ለቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ወጣ ብትሉ የት ትሄዳላችሁ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። አብዛኞቻችሁ ሐረር አላችሁ። ደስ አለኝ፤ እኔም በሄድኩ ቁጥር «ምነው አንድ ቀን በጨመርኩ» እያልኩ የምመለስባት ከተማ ናት። ከመልሱ ጋር ብዙ ጥያቄም መጣ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

«እኔና ባለቤቴ ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባት አለብን። አውቶቡስ ይሻላል አውሮፕላን? ባቡሩስ?» (ከገርጂ)

አውሮፕላን። ኪሳችሁ ከፈቀደ ብዙ አታስቡበት። በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውቶቡሱ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፤ ሐረር ስትደርሱ ቀኑ አልቋል። የመልሱን ቀን ደምሩበትና ቅዳሜና እሑዳችሁን በመስኮት እያያችሁ ጨረሳችሁት ማለት ነው። በዚያ ላይ በመኪና የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት በዚያው ሰሞን የተመላለሰ ሹፌር ፈልጎ የመንገዱን ሁኔታ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ባቡሩ ለብቻው የሚጣፍጥ ጉዞ ነው፤ ግን ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸው፤ ጉዞውም ቀን ይበላል። ለረጅም ዕረፍት አቆዩት።

በአውሮፕላን ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሐረር ራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከድሬ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ሽቅብ ትወጣላችሁ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ። የደንገጎን ዳገት እንደወጣችሁ ሸሚዛችሁን ጀርባችሁ ላይ ያጣበቀው ሙቀት የት እንደገባ አታውቁም። ጃኬት ያዙ የምለው ለዚህ ነው፤ ሰው «ምሥራቅ ሞቃት ነው» ብሎ በቲሸርት ይመጣና ማታ ፎጣ ተከናንቦ ይታያል። በመንገዳችሁ ላይ ሐረማያ ሐይቅን ታያላችሁ። ደርቆ የከብት ግጦሽ ሆኖ ነበር፤ አሁን ውሃው ተመልሷል። ቀጥሎ አወዳይ፣ የጫቷ ከተማ። እዚያ መኪናችሁ ቀስ ማለቱ ስለማይቀር መስኮቱን ከፍታችሁ ተመልከቱ።

«ዕቅዴ ይኸው፦ ቅዳሜ ጠዋት ድሬዳዋ ገበያ፣ ከሰዓት ጁገል፣ ማታ ጅብ። እሑድ ባቢሌ፣ ከዚያ ቁልቢ፣ ማታ በረራ። ምን ጎደለው?» (ከሃያት)

ምንም አልጎደለውም ወንድሜ፤ የተረፈው ነው የበዛው። ባቢሌ በጅጅጋ መንገድ ነው። ቁልቢ ደግሞ በተቃራኒው፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው። እሑድህን መኪና ውስጥ ልታሳልፍ ነው። ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ካለብህ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ራሱን አስችለህ ሂድ። በነገራችን ላይ ለጉብኝት ብቻ የምትሄዱ ሰዎች እነዚህን ሁለት ሰሞኖች ሽሹ፤ ሐረርም ድሬም አልጋ አይገኝም። እኔ አንድ ጊዜ በንግሥ ዋዜማ በስልክ «ይዘንልሃል» የተባልኩት ክፍል ስደርስ ለሌላ ተሰጥቶ፣ እንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ ነው ያደርኩት።

እኔ ብሆን ባቢሌንም ቁልቢንም ሰርዤ ሁለቱንም ቀን ለጁገል እሰጣለሁ። ጁገል ማለት በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ናት። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። በስፋት ከሄድክ 48 ሄክታር ብቻ ናት። ጥንት አምስት በር ነበራት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። መኪና የሚገባበት ስድስተኛው ኋላ የተከፈተ ነው። ውስጧ ግን 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የቅዱሳን መካነ መቃብሮች አሉ። ጠባብ መተላለፊያዎቹ ከ300 በላይ ናቸው። አንዳንዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ አንዱ ግድግዳ ተለጥፎ ሌላውን ማሳለፍ አለበት።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ጠዋት ከፈረስ መጋላ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ጀምርና ቁልቁል ውረድ። ያ ጎዳና መኪና ግርግር ይባላል። መኪናው የስፌት መኪና ነው፤ ግርግሩ ደግሞ ድምፁ። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ደጃፋቸው ላይ ተደርድረው ጨርቅ ያስሮጣሉ። ጨርቁን ከአጠገባቸው ሱቅ ገዝተህ ብትሰጣቸው ሻይ ጠጥተህ እስክትመለስ ሽርጥ ወይም ቀሚስ ሆኖ ይጠብቅሃል። መጨረሻው ጊድር መጋላ ነው፤ ዋናው ገበያ። እዚያ ሥጋ ገዝቶ የሚወጣ ሰው ዘንቢሉን ደረቱ ላይ ታቅፎ ታየዋለህ። ያለምክንያት አይደለም። ከጣሪያው ላይ ጭልፊቶች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ይህን ሳላውቅ ሳምቡሳ በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ክንፍ ጆሮዬን ሲዳስሰኝ ብቻ ነው የሰማሁት። ሳምቡሳዬ ሄደ። ባለሱቁ ሳቀና ሌላ ሰጠኝ።

«ራምቦ ቤት» ለሚባለው አንድ ሰዓት ስጠው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐረር ውስጥ ንግድ ላይ እንደነበረ እውነት ነው። ቤቱን ግን ከእሱ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ነው ያሠራው። ቢሆንም የእንጨት ሥራውና ያሸበረቀው መስታወቱ ያምራል፤ ከላይኛው ፎቅ ከተማዋ ትታያለች፤ የድሮ ፎቶዎቹም ይታያሉ። ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ግን አትለፈው። ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦች፣ ጎራዴዎች፤ አንድ ሰው በዕድሜው የሰበሰበው ነው ሲሉህ አታምንም።

አስጎብኚ ይያዝ ወይ ላላችሁት፦ ለመጀመሪያው ግማሽ ቀን አዎ። ሂሳቡን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ብቻችሁን ጥፉ። ከየትም ብትጠፉ ግንቡ ይመልሳችኋል።

«ልጆቼ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ‹ጅብ ካላየን ሐረር ሄድን አይባልም› ይላል። እኔ ሆዴ ፈርቷል።» (ከሰሚት)

እህቴ፣ አልስቅብሽም። አያ ጅቦን እየሰማን ነው ያደግነው። ምን እንደሚገጥምሽ ልንገርሽና ራስሽ ወስኚ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ባጃጅ ይዛችሁ ከግንቡ ውጭ ትወጣላችሁ፤ በፈላና በር ወይም በሰንጋ በር በኩል። ባጃጁ መብራቱን አብርቶ ይቆማል። ጅቦቹን የሚያበላው ሰው ሥጋ የሞላ ዘንቢል አጠገቡ አድርጎ መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ ይጣራል፤ በየስማቸው። መጀመሪያ የሚታየው ዐይን ነው። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት አረንጓዴ ነጠብጣብ ጨለማው ውስጥ። ቀጥሎ አንዷ አንገቷን ደፍታ፣ እንደ ጥፋተኛ እየተሽኮረመመች ብቅ ትላለች። ትልልቆቹ ሴቶቹ ናቸው። ሥጋው አጭር እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ይሰጣታል። ድፍረት ያለው እንጨቱን በአፉ ይነክሳል። እኔም ነከስኩት። ትንፋሿ ሞቃት ነው፤ ሽታው ሦስት ቀን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ግን ያነሣችው ሥጋውን ብቻ ነው፤ እንጨቱ ጥርሴ መሃል ሲንቀሳቀስ እንኳ በደንብ አልተሰማኝም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ሐረር የሚያውቁት አገር ነው፤ ቁርበት ባይነጠፍለትም ማዕድ ይቀርብለታል።

ለልጆቹ፦ ትንሿ ባጃጁ ውስጥ እቅፍሽ ላይ ትሁን። ትልቁ ራሱ ልውረድ ካለ ይውረድ፤ ካላለ ማንም አይገፋፋው፣ አባትየውም ቢሆን። መሮጥ የለም፣ በእጅ መስጠት የለም፣ የካሜራ ብልጭታ የለም። ዋጋውን ከመቀመጣችሁ በፊት ተነጋገሩ። ሌሊት ጅቦቹ በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ገብተው መንደር ለመንደር ቆሻሻ እንደሚለቃቅሙም አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ መስኮት ሥር ድምፅ ሰምተው እንዳይደነግጡ። ሐረሪዎች በዓሹራ ሌሊት ለጅቦች ገንፎ በቅቤ ያቀርባሉ፤ በአበላላቸው የመጪውን ዓመት ነገር ያነባሉ። ይህን ወግ ለልጆች ስነግራቸው ፍርሃቱ ሲቀንስ አይቻለሁ።

«ዓርብ እንደርሳለን፤ እኛ ደግሞ ጿሚዎች ነን። ሐረር ለጾመኛ ምግብ አለ? በጠቅላላው ምን እንብላ?» (ከጎፋ)

አለ። ፉል አለ፤ ጠዋት ሙሉ ከተማው የሚበላው እሱን ነው። «ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል» በሉ፤ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሚጥሚጣ ይበቃዋል። ምስር የተሞላ ሳምቡሳ በየጥጉ ይጠበሳል። ፈጢራው ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፤ ለቅዳሜ አቆዩት። ቅዳሜ ጠዋት በማር የሚቀርበውን ብሉ። ሠሪው ሊጡን ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ እየመታ ወረቀት እስኪመስል ሲስበው ቆማችሁ ማየት የመብላቱን ግማሽ ያህል ደስ ይላል።

ሥጋ ለሚበሉት አንድ ነገር። የሙስሊም ምግብ ቤትና የክርስቲያን ምግብ ቤት ለየብቻ ነው፤ በራቸው ላይ ምልክት አለ። የተቀላቀለ ቡድን ከሆናችሁ ሳትቀመጡ ተነጋገሩ፤ አስተናጋጁን ማሳቀቅ አያስፈልግም። የግመል ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ሙስሊም ወዳጅ ካላችሁ ጊዜው አሁን ነው። በአብሽ የሚሠራውን የሐረሪዎች መረቅ ካገኛችሁ አትለፉት፤ መጀመሪያ ይመራል፣ በሦስተኛው ጉርሻ ትወዱታላችሁ።

ቡናው? የሐረር ቡና ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚለው ከዚያ ነው። ግን ቡናን የትም ታገኙታላችሁ። እኔ የምላችሁ ቁጢን ጠይቁ፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው። ምግብ ቤት ብዙም አይገኝም፤ ሰው ቤት ነው። የሐረሪዎችን ባህላዊ ቤት እንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ቤተሰቦች ጁገል ውስጥ አሉ። አንድ ሌሊት እዚያ እደሩና የቤቲቱን እመቤት ለምኗት። ወለሉ ቀይ ነው፤ በ1887 እ.ኤ.አ. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ። መቀመጫው ደረጃ ደረጃ ያለው መደብ ነው፤ የትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ ወግ ስላለው «የት ልቀመጥ?» ማለት ነውር የለውም። ግድግዳው ሙሉ ስፌት ነው። አንድ ኮከብ ከሌለው ሆቴል ይህ ይሻላል፤ ምናልባት አምስት ኮከብ ካለውም። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«ከሰዓት በኋላ ሱቆቹ ሁሉ ዝግ ነበሩ። ምን ሆነው ነው?» (ባለፈው ወር ሄዶ ከተመለሰ አንባቢ)

በርጫ ላይ ነበሩ፤ ጫት እየቃሙ። ሐረር ከምሳ በኋላ ትቀመጣለች። ዓርብ ከሆነ ደግሞ ከጁምዓ ሰላት ጋር ይገጥማል። ጠዋት ዙር፣ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ተኛ፣ ከዚያ ውጣ። የአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ቀለም የተቀቡት ግድግዳዎች ላይ ስትወድቅ ነው ፎቶ የሚነሣው። ሰው ስታነሣ ግን ጠይቅ። ጊድር መጋላ ያሉት ሴቶች ደማቅ ልብሳቸውን ለብሰው የመጡት ሊሸጡ ነው፤ አንድ ኪሎ ሎሚ ከገዛህ በኋላ ብትጠይቃቸው መልሳቸው ይለያል።

«ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ከእናቴ ጋር እመጣለሁ፤ 74 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ሐረር ይከብዳታል?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

የጁገል ቁልቁለትና ድንጋይ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ለእሳቸው ድሬን መነሻ አድርጊ። ሐረርን በኮንትራት መኪና ለግማሽ ቀን አሳዪያቸው፤ ሙዚየሙንና ፈረስ መጋላን ብቻ፤ ከዚያ ተመለሱ።

ድሬ ሜዳ ናት። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ደርሶ የቆረቆራት ከተማ ስለሆነች ከዚራ በሚባለው ሰፈር መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ የጣለ ነው። በደቻቱ አሸዋ ማዶ ደግሞ መጋላና ቀፊራ ገበያ አሉ። ቀን ሙቀቱ ስለሚጠና እናትሽ ከአዳራቸው አይውጡ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ባጃጅ ያዙ፤ ዋጋ ተነጋግረሽ ለሁለት ሰዓት ብትይዢው ሹፌሩ ራሱ አስጎብኚ ይሆናል፤ በየመሃሉ «አቦ!» እያለ። ማታ ድሬ ከቤቷ ወጥታ መንገድ ላይ ነው የምትቀመጠው። ወንበር ይወጣል፣ ሻይ በቅመም ይመጣል፣ ጣፋጩ ሙሸበክ ይመጣል። እናትሽን ማንም ሳያውቃቸው «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ» ይላቸዋል።

ትኬቱን በተመለከተ፦ ከአሜሪካ የምትመጪው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የድሬዳዋውን የአገር ውስጥ ትኬት ስትገዢ የዓለም አቀፍ ትኬትሽን ቁጥር አሳዪ፤ ዋጋው ይቀንስልሻል። የጠዋቱን በረራ ያዢላቸው። በድሬ እኩለ ቀን ላይ ከአውሮፕላን መውረድ ለጉልበትም ለልብም አይመችም።