ጀልባዋ ሞልታ ስልኩ ዝም ሲል

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር የጻፉልን አንባቢ ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ደሴት የሚሄዱ ጀልባዎችን ወንበር የሚያስይዝ ሲስተም ሠርተዋል። ወንበር በተሸጠ ቁጥር ሰርቨሩ በሐይቁ ዳር ላሉት ትኬት ሻጮች ስልክ በዌብሶኬት (ሳይዘጋ በሚቆይ የሁለትዮሽ መስመር) ማሳወቂያ ይልካል። ሰርቨሩ ከኢንጂንኤክስ (ግንኙነቱን ተቀብሎ ወደ ሰርቨሩ ከሚያስተላልፍ ፕሮግራም) ጀርባ ነው፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። ጠዋት ሽያጭ ሲጧጧፍ እንከን የለውም፤ ከሰዓት ጸጥ ሲል ግን ማሳወቂያው ያለ ምንም የስህተት መልእክት ይቆማል። ከጀልባ የተመለሰ ሻጭም የቆየ ቁጥር ያያል። በቅርቡ ደግሞ የመጨረሻው ወንበር ሁለት ጊዜ ተሸጧል።

መልስ፦ ሦስት ችግሮች ተደራርበው አንድ መስለውዎታል።

ቀላሉን እናስቀድም። የኢንጂንኤክስ «ፕሮክሲ ሪድ ታይምአውት» ካልነኩት 60 ሰከንድ ነው፤ ከሰርቨሩ በኩል 60 ሰከንድ ሙሉ ምንም ካልመጣ መስመሩን ይዘጋዋል። ጠዋት ደኅና የሚሆነው ሽያጩ ስለማያቋርጥ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩን ወደ አንድ ሰዓት ከፍ አድርጎ ይገላገላል። እኔ አልመክርም፤ የሞባይል ኔትወርኩም ሥራ የፈታ ግንኙነትን ይሰርዛል፣ ያውም ለማንም ሳይናገር። ይልቅ ሰርቨሩ በየ25 ሰከንዱ ፒንግ፣ ማለትም «አለህ?» የምትል አጭር ምልክት፣ ይላክ። ብሮውዘሩ መልሱን፣ ማለትም ፖንጉን፣ በራሱ ይልካል፤ የገጹ ጃቫስክሪፕት ግን ፒንጉን አያየውም፣ ራሱም ፒንግ መላክ አይችልም። ስለዚህ ከፒንጉ ጋር «አለሁ» የምትል ተራ መልእክት ይጨምሩ። ስልኩ 60 ሰከንድ ምንም ካልሰማ ገጹን ቀይ አድርጎ መስመሩን እንደ አዲስ ይክፈት። ስክሪኑ ሲጠፋ የገጹ ቆጣሪ ሊተኛ ስለሚችል፣ ገጹ ዳግም ሲታይ ወዲያው ያጣራ።

ሁለተኛው ነው ከባዱ። ሻጩ በጀልባ ወጥቶ ሲግናል ሲያጣ ስልኩ ሰርቨሩን አይሰናበትም። የሰርቨሩ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) መልእክቱን ተቀብሎ ወረፋ ያስይዘዋል፤ ፕሮግራምዎም «ተልኳል» ብሎ ያምናል። ሊኑክስ ካልተነካካ መልስ ያጣውን እየደጋገመ ሲልክ ቆይቶ ተስፋ የሚቆርጠው ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው፤ የቲሲፒ ኪፕአላይቭማ (ዝም ያለ መስመር መኖሩን የሚፈትሸው) ቢከፍቱት እንኳ የመጀመሪያውን ፍተሻ የሚያደርገው ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው። ሁለት ፒንግ በተከታታይ ካልተመለሰ ሰርቨሩ ራሱ ይዝጋው።

በዚህ መሃል ያመለጠውን የሚያስመልሰው ተራ ቁጥር ነው። እያንዳንዱን ክስተት ከሽያጩ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ በሚጸና ወይም አብሮ በሚሰረዝ ሥራ) ቁጥር ሰጥተው ሠንጠረዥ ላይ ይጻፉ፤ ማሳወቂያው የሚወጣው ከኮሚት (ሥራው ከጸና) በኋላ ይሁን። ስልኩ ሲመለስ «እስከ 41 አለኝ» ይበል፤ ሰርቨሩ ከ42 ጀምሮ ያስረክብ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ፦ የፖስትግሬስ ሲኩዌንስ (ተራ ቁጥር አዳዩ) ቁጥር የሚያድለው ከኮሚት በፊት ነው። 42ን የወሰደው ሽያጭ ዘግይቶ 43ን የወሰደው ቀድሞ ኮሚት ካደረገ፣ ስልኩ «እስከ 43 አለኝ» ይላል፤ 42 ተውጦ ይቀራል። በሙከራ ጊዜ አይታይም፤ ብቅ የሚለው እንደ ጥምቀት ሰሞን ባለ ግርግር ነው። ስለዚህ ለየጉዞው ለብቻ ይቁጠሩ፦ በጉዞው ረድፍ ላይ ቆጣሪ ዓምድ ያኑሩ፣ ወንበር በሚቀንሱበት በዚያው አፕዴት (ረድፉን በሚለውጠው ትእዛዝ) ቆጣሪውን በአንድ ይጨምሩ። ረድፉ እስከ ኮሚት ስለሚቆለፍ ቁጥሮቹ አይዘሉም፣ አይቀዳደሙም።

ስልኩ መጀመሪያ ለአዲስ ማሳወቂያ ይመዝገብ፣ ከዚያ ያመለጠውን ይጠይቅ። ከተገላበጠ፣ በመካከል የተሸጠው ወንበር ከሁለቱም ያመልጣል። ያመለጠው እስኪደርስ አዲሱን ያቆየው፤ ከያዘው ቁጥር የማይበልጥ ከመጣ ይጣለው። መልእክቱም «አንድ ቀንስ» ከሚል «የቀረው 3» ቢል ይሻላል፤ ሁለቴ ቢደርስ አያሳስትም።

ሁለቴ የተሸጠው ወንበር ከማሳወቂያ ጋር አይገናኝም። ማሳወቂያ የቱንም ያህል ቢፈጥን ሻጩ የሚያየው ያለፈውን ነው። አፕዴቱ «የቀረው ከ0 ከበለጠ» በሚል ሁኔታ ይሂድ፤ የተነካው ረድፍ 0 ከሆነ «ሞልቷል» ይመለስ። ወንበሮቹ ቁጥር ካላቸው በጉዞና በወንበር ቁጥር ጥምር ላይ ዩኒክ ገደብ (ድግግሞሽን የሚከለክል) ያድርጉ።

መልሶ መገናኛውን በ1፣ 2፣ 4 ሰከንድ እያራዘሙ እስከ 30 ያድርሱት፤ ስልኮቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት እንዳይመለሱ ትንሽ የዘፈቀደ ጭማሪም ይኑረው። ለአሥር ስልክ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ሲሞክሩት ታቡን መዝጋት አይበቃም፤ ስልኩ ያኔ ተሰናብቶ ነው የሚሄደው። የአውሮፕላን ሞድም እንዲሁ፣ ስልኩ መቋረጡን ያውቃል። ሰርቨሩ ላይ በአይፒቴብልስ (በሊኑክስ ፋየርዎል) ከዚያ ስልክ የሚመጡትንም ወደ እሱ የሚሄዱትንም ፓኬቶች በ«ድሮፕ» ይጣሉ፤ «ሪጀክት» መልስ ስለሚልክ አይሆንም። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩት ከዚያው ኔትወርክ ከሆነ ራስዎን እንዳይቆልፉ። 2 ደቂቃ ይጠብቁ፣ በመካከሉ ከሌላ ስልክ አምስት ወንበር ይሽጡ። ገጹ ከደቂቃ በላይ ሳይቀላ ከቆየ የስልኩ ቆጣሪ አልሠራም፤ ሰርቨሩ ካልዘጋ ፖንጉን የሚከታተል የለም። የአይፒቴብልሱን ደንብ ሲያነሱ አምስቱም ማሳወቂያዎች በተራቸው ካልመጡ የምዝገባውን ቅደም ተከተል መልሰው ይዩ።