መንገዱ ሲሰፋ ቅሬው (እድሩ)፣ መስጊዱና ትምህርት ቤቱ ምን ይሆናሉ?

ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ወንድማችን «በሰፈራችን ዋናው መንገድ ሊሰፋ ነው፤ የቅሬው ዕቃ ቤት፣ መስጊዱና ትምህርት ቤቱ ዳር ላይ ናቸው፤ ምን እንጠብቅ?» ብሎ ጠይቋል። እኛ ደሴ ላይ አልፈንበታል። ያኔ የቅሬው ጸሐፊ ነበርኩና ያየሁትን ልንገርህ።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ዶዘሩን ነው። እኛን ያስቸገረን ግን ከፈረሰው ይልቅ ሳይፈርስ የቀረው ነው። ዕቃ ቤታችን ከወሰኑ ውጭ ሆኖ ተረፈ፤ ድንኳን የምንተክልበት ሜዳ ግን መንገድ ውስጥ ገባ። ሜዳው በማንም ስም ስላልነበረ የካሳ ነገር አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑ የት ይተከል የሚለው ራሱ ስብሰባ ሆነ። ከማዶ ያሉት አባላት፣ በተለይ አሮጊቶቹ፣ ሲመሽ ለቅሶ መድረሱን ተዉት፤ መኪናው መቼ ያሳልፋል! ውሎ አድሮ ማዶኞቹ የራሳቸውን ቅሬ አቋቋሙ። ድስትና ወንበር ስንካፈል የነበረውን ጭቅጭቅ ባላነሳው ይሻላል።

ካሳን በተመለከተ፣ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው አዋጅ 1161/2011 ለተነሺ ሰው ከንብረቱ ግምት ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሞራል ጉዳት የሚከፈል ካሳ አስገብቷል። ደግ ነገር ነው፤ ግን የሚከፈለው ለተነሺው እንጂ አባሉ ለተበተነበት ቅሬ አይደለም። ስለዚህ ዕቃ ቤታችሁ በቅሬው ስም ካርታ አለው ወይ? በሞቱ የቀድሞ የቅሬው ዳኛ (ሰብሳቢ) ስም ከሆነ ንብረት ቆጣሪዎቹ ሳይመጡ አሁኑኑ አስተካክሉ። አጥሩንም፣ ሽንት ቤቱንም፣ የቧንቧ መስመሩንም አስቆጥሩና የቅጹን ቅጂ ያዙ። ቅሬታ ካላችሁ የማስለቀቂያ ትእዛዙ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቅርቡ። አዋጁ በ2016 ስለተሻሻለ ማሻሻያውንም አብራችሁ አንብቡ።

ውሃውን አትርሱ። ደሴ ተዳፋት ናት፤ መንገዱ ከፍ ሲል የግቢ በር ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። የእኛ ሰፈር ቱቦ አፉ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ዞሮ ነበርና ሐምሌ ላይ ጎርፉ አጥሩን ይዞት ሄደ። እናንተ ጋ ደግሞ መሬቱ ሜዳ ነው፤ ከተራራው የወረደው ውሃ አይሮጥም፣ ይተኛል። የቱቦው መውጫ የት እንደሆነ አማካሪ መሐንዲሱን ዲዛይኑ ሳይጸድቅ ጠይቁት። አስፋልት ከፈሰሰ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

መስጊዱን የገጠመው ቀላል ነበር፤ ቁፋሮው የውዱእ ቧንቧውን በጠሰውና ጀመዓው አዋጥቶ ሮቶ ገዛ። ለትምህርት ቤቱ ግን ዜብራና የፍጥነት መቀነሻ በደብዳቤ ጠይቁ፣ ደብዳቤውም ማህተም ይኑረው። በባቲና በሚሌ በኩል የሚመጣው ተሳቢ መንገዱ ሲያምርለት ለልጅ አይራራም።

ጥቅሙን አልክድም። ክረምት ላይ ሬሳ ተሸክመን ጭቃ ውስጥ ስንንሸራተት የነበረው ቀርቷል፣ አምቡላንስም ደጃፍ ድረስ ይገባል።

ለመሆኑ የመሃል መስመሩ ችካል ተተክሏል? ከተተከለ ከዕቃ ቤቱ ጥግ እስከ ችካሉ ለክተህ ጻፍልኝ። ድንኳን መትከያችሁ በየት በኩል እንደሆነም ጨምርበት፤ ከቀበሌው ምትክ ቦታ መጠየቅ ያለባችሁ አሁን ነው።