ልጆቻችን የሚጫወቱበት ክለብ የማን ነው? ከፊትዝሮይ ታሪክ የተወሰደ ምክር ለሜልበርን ወገኖች

በሜልበርን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሞላላ ኳስ ይዘው መምጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። ብዙዎቻችን ግን ልጁን ሜዳው በር ላይ አውርደን፣ ልምምዱ እስኪያልቅ መኪና ውስጥ ስልክ ስንነካካ ቆይተን፣ ልጁን ይዘን የምንመለስ ነን። የጨዋታው ሕግ በቅጡ አይገባንም፤ አጥሩን ተደግፈው የሚጮኹት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አናውቅም፤ ክለቡንም ክፍያ ተቀብሎ አገልግሎት የሚሸጥ ድርጅት አድርገን እንቆጥረዋለን። በዚህች ከተማ ረጅም ዘመን እንደኖረ ሰው ይህ አስተሳሰብ ብዙ ነገር እያሳጣን ነው እላለሁ። ለምን እንደምል ለማስረዳት፣ በአንድ ወቅት ከታላላቆቹ ተርታ ተሰልፎ የነበረውን፣ ዛሬ ግን እንደማንኛውም የሰፈር ቡድን የሚጫወተውን የፊትዝሮይ ክለብ ታሪክ እጠቅሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። ሰዉ በተለምዶ ፉቲ የሚለው ይህ ጨዋታ፣ የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ በሞላላ ሜዳ ላይ 18 ለ18 ሆነው የሚጫወቱት፣ በአራት ክፍለ ጊዜ የተከፈለ ነው። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ኳሱ በመሀለኞቹ ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል በእግር ተመትቶ ካለፈ 6 ነጥብ፣ ከእነርሱ ጎን ባለው ክፍተት ካለፈ 1 ነጥብ ያስገኛል። ኳስን በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፣ መወርወር ግን ክልክል ነው፤ ለጓደኛው ማቀበል የፈለገ ወይ በእግሩ ይመታል፣ ወይ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጡጫ ይገፋዋል። በእግር ተመትቶ ቢያንስ 15 ሜትር ተጉዞ የመጣን ኳስ መሬት ሳይነካ የቀለበ ተጫዋች ማንም ሳይነካው የመምታት መብት ያገኛል። ለመጀመሪያው ጨዋታ ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል፤ የቀረውን ልጆቹ ራሳቸው ያስተምሯችኋል።

ፊትዝሮይ ከመሀል ከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ የተጠጋ ሰፈር ነው። ዛሬ ቤቱ የማይቀመስ ቢሆንም ለረጅም ዘመን የፋብሪካ ሠራተኞችና የድሆች መኖሪያ ነበር፤ ባለ 20 ፎቆቹ የመንግሥት ቤቶች አሁንም እዚያው ቆመዋል፣ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ቤተሰቦችም ይኖሩባቸዋል። ክለቡ የተመሠረተው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1883 በሰፈሩ ሆቴል ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ነው። መስራቾቹ ባለጸጎች አልነበሩም፤ ሰፈራቸው እያደገ ሳለ የራሱ ቡድን ሊኖረው ይገባል ያሉ ነዋሪዎች ነበሩ። በብራንስዊክ ጎዳና ሜዳ ላይ መጫወት ጀመሩ፤ በ1897 ደግሞ ከሌሎች ሰባት ክለቦች ጋር ሆነው የዛሬው የአውስትራሊያ ሊግ የተገኘበትን የቪክቶሪያ ሊግ ውድድር ጀመሩ። ከ1898 እስከ 1944 ባለው ጊዜ ውስጥ ስምንት ዋንጫ ወሰዱ። ከእነዚህ ውስጥ የ1916ቱ በተለይ ያስቃል፤ በጦርነቱ ምክንያት የተወዳደሩት አራት ክለቦች ብቻ ስለነበሩና አራቱም ለማጣሪያው ስላለፉ፣ በመደበኛው ውድድር መጨረሻ የወጣው ፊትዝሮይ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ።

ለእኛ ለወላጆች ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን የዳግ ኒኮልስ ታሪክ ነው። ኒኮልስ የዮርታ ዮርታ ሕዝብ ተወላጅ፣ ማለትም የዚህች አገር ጥንተ ባለቤት ነበር። በመጀመሪያ ካርልተን ወደተባለው ታላቅ ክለብ ሄዶ ሳለ ቆዳው ጥቁር ስለሆነ፣ የክለቡ ወጌሻዎች ይሸታል ብለው ሰውነቱን ለማሸት እንቢ አሉት፤ ከዚያም ክለቡ አሰናበተው። ወደ ኖርዝኮት ሄዶ ስም ካወጣ በኋላ በ1932 ወደ ፊትዝሮይ መጣ። እዚያም በመጀመሪያው ቀን በልብስ መቀየሪያው ክፍል ጥግ ይዞ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ፣ በወቅቱ የሊጉ ዝነኛ ተጫዋች የነበረው ሄይደን ባንተን መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና እዚያው ከጎኑ ሆኖ ልብሱን ቀየረ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ። ኒኮልስ ኋላ ፓስተር ሆኖ በዚያው በፊትዝሮይ ሕዝቡን አገለገለ፤ በ1972 የሰር ማዕረግ ተሰጠው፣ በ1976 ደግሞ የደቡብ አውስትራሊያ አገረ ገዥ ሆነ። ሁለቱም ክብሮች ከእርሱ በፊት ለአገሬው ተወላጅ ተሰጥተው አያውቁም።

ይህን የማነሳው ሁለቱ ክለቦች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሊግ የነበሩ መሆናቸውን እንድታስተውሉ ነው። የለያያቸው በልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የነበረው ሰው ነው። ስለዚህ ለልጃችሁ ክለብ ስትመርጡ የዋንጫ መደርደሪያውን ከማየታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ልምምድ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ አሰልጣኙ ደካማውን ልጅ እንዴት እንደሚናገረው፣ አዲስ የመጣውን ማን እንደሚያስጠጋው ልብ በሉ። በሜዳ ላይ ልጃችሁ በቆዳው ወይም በሃይማኖቱ ከተሰደበ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ አጥር ላይ ቆሞ መጨቃጨቅም አይጠቅምም። ታላቁ ሊግ የዘር ስድብን የሚከለክል ደንብ ያወጣው በ1995 ሲሆን፣ የሰፈር ሊጎችም ዛሬ ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። በዚያው ቀን ለቡድኑ ኃላፊ ንገሩ፣ የሆነውን ሰዓቱንና ምስክሩን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ለክለቡ ጸሐፊ ላኩ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ብዙ ጊዜ እዚያው ሜዳው ላይ ይቀራል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ፊትዝሮይ ከ1966 በኋላ የትውልድ ሜዳውን ለቆ ቤት እንደሌለው ተከራይ ከአንዱ የሌላ ክለብ ሜዳ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኖረ፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት፣ ከ1994 እስከ 1996፣ የተጫወተው ዛሬ ብዙዎቻችን እንጀራና ቅመም በምንገዛበት በፉትስክሬይ፣ በዌስተርን ኦቫል ነበር። ሜዳ ሲጠፋ ደጋፊው ይበተናል፣ ደጋፊው ሲበተን የመግቢያው ገቢ ይቀንሳል፣ ዕዳም ይከመራል። ተጫዋቾቹ ጎበዞች የነበሩባቸው ዓመታት አልጠፉም፤ በ1979 ሜልበርንን በ190 ነጥብ ልዩነት አሸንፈዋል። ክለቡን የገደለው የሒሳብ መዝገቡ ነው።

በ1989 ሊጉ ፊትዝሮይንና ፉትስክሬይን ሊያዋህድ ተነሣ። እዚህ ላይ በፉትስክሬይ በኩል የሆነውን ነገር እያንዳንዱ ወገናችን ሊያውቀው ይገባል። አይሪን ቻትፊልድ የተባለች አንዲት ተራ ደጋፊ፣ ባለሥልጣንም ባለገንዘብም ያልሆነች ሴት፣ በአባልነቷ ተመርኩዛ ፍርድ ቤት ቀረበችና ውህደቱ ለጊዜው እንዲታገድ አደረገች። በተገኘው የጥቂት ሳምንት ፋታ፣ ፒተር ጎርደን በተባለ ጠበቃ መሪነት፣ የምዕራቡ ሰፈር ሠራተኛ ሕዝብ ቤት ለቤት እየሄደና የገንዘብ መሰብሰቢያ ጣሳ እያዞረ ዕዳውን የሚመክት ገንዘብ አሰባሰበ። ክለቡ ተረፈ፤ ዛሬ ዌስተርን ቡልዶግስ በሚል ስም አለ፣ በ2016ም ዋንጫ ወስዷል። ሕጉ ያዳመጣት ክለቡን ስለወደደች ብቻ አልነበረም፤ ስሟ በአባላት መዝገብ ላይ ስለነበረ ነው።

ፊትዝሮይ ያን ጊዜ ቢያመልጥም በመጨረሻ አልዳነም። ከናውሩ፣ ከፓሲፊኳ ትንሽ ደሴት አገር፣ የተበደረው ገንዘብ ነበረበት፤ በ1996 አጋማሽ አበዳሪው ገንዘቡን ሲጠይቅ ክለቡ በሒሳብ አጣሪ እጅ ወደቀ። ከኖርዝ ሜልበርን ጋር ለመዋሃድ የተጀመረው ንግግር፣ የሚፈጠረው ቡድን ይበረታብናል ባሉ ሌሎች ክለቦች ተሰናከለ፤ በምትኩ ከብሪዝበን ጋር እንዲዋሃድ ተወሰነ። አባላቱ ድምፅ አልሰጡበትም። ኦገስት 25 በሜልበርን የመጨረሻ ጨዋታቸውን በሪችመንድ ክለብ በ151 ነጥብ ተሸነፉ፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን ደግሞ በፐርዝ፣ በሱቢያኮ ሜዳ፣ በፍሪማንትል ተሸንፈው ከታላቁ ሊግ ወጡ። ከውህደቱ የተገኘው ብሪዝበን ላየንስ ከ2001 እስከ 2003 ተከታታይ ሦስት ዋንጫ ሲወስድ ከቀድሞዎቹ የፊትዝሮይ ደጋፊዎች ከፊሉ አብሮ ተደሰተ፣ ከፊሉ ግን ፉቲን ጨርሶ ተወ። በሁለቱም አልፈርድም።

ከዚህ በኋላ ያለው የታሪኩ ክፍል በብዙዎች ዘንድ አይታወቅም፤ ለእኔ ግን ዋናው እርሱ ነው። የተዋሃደው የመጫወቻው ክፍል እንጂ ፊትዝሮይ የተባለው ሕጋዊ ድርጅት አልፈረሰም ነበር። ከዕዳ አጣሪው እጅ በ1998 ሲወጣ ቡድን የሌለው፣ ሜዳ የሌለው፣ ነገር ግን ስምና ባለአክሲዮኖች ያሉት ድርጅት ሆኖ ቀረ። ጥቂት ሰዎች በየዓመቱ ስብሰባውን እየጠሩ፣ ሒሳቡን እየዘጉ፣ ሰነዱን እያደሱ ከአሥር ዓመት በላይ አቆዩት። ይህ ምንም ጭብጨባ የሌለበት ሥራ ነው። በኋላም በዚያው በብራንስዊክ ጎዳና ሜዳ ከሚጫወተው ፊትዝሮይ ሬድስ ከተባለ የአማተሮች ቡድን ጋር ተስማሙና፣ ከ2009 ጀምሮ ፊትዝሮይ በጥንቱ ስሙና ቀለሙ፣ በጥንቱ ሜዳው፣ በቪክቶሪያ አማተሮች ማኅበር ውስጥ መጫወት ጀመረ። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም፤ የሴቶች ቡድንም አለው። ብሪዝበን አርማውን ሲለውጥ ይኸው ትንሽ ክለብ የውህደቱን ውል ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ጉዳዩም በ2010 በስምምነት ተቋጨ። ውሉን ጠብቆ ያስቀመጠ ሰው ባይኖር ኖሮ የሚከራከሩበት ነገር አይኖራቸውም ነበር።

እንግዲህ ለልጃችሁ የምትከፍሉበት የሰፈር ክለብ በአብዛኛው በቪክቶሪያ የማኅበራት ሕግ የተመዘገበ፣ የግል ባለቤት የሌለው ማኅበር ነው። በባሕርዩ ከዕድራችን ብዙም አይርቅም፤ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፣ ሒሳቡን ያቀርባል፣ አመራሩን ይመርጣል። ሜዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ስለዚህ የልምምድ ሰዓት ከጾም ወይም ከቤተ ክርስቲያን ሰዓት ጋር ይጋጫል፣ በሜዳው የሚሸጠው ምግብ ለሙስሊም ልጆች አይሆንም፣ ክፍያው በአንድ ጊዜ ከበደን የሚል ሰው ጥያቄውን የሚያቀርብለት ሩቅ ባለሥልጣን የለም፤ የሚወስኑት እነዚያው አጥር ላይ የቆሙት ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹም እጃቸው ስላጠረ አንድ ረዳት ቢያገኙ ደስ የሚላቸው ናቸው።

የምትረዱት በምንድን ነው ብላችሁ አትጨነቁ። ሰዓት የሚይዝ፣ ነጥብ የሚመዘግብ፣ ውኃ የሚያቀብል፣ የጎሉን ባንዲራ የሚያውለበልብ፣ ቋሊማ የሚጠብስ ሰው በየሳምንቱ ይፈለጋል፤ እንግሊዝኛችሁ ባይቀና ለእነዚህ ሥራዎች እንቅፋት አይሆንም። ከልጆች ጋር በቀጥታ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው ከልጆች ጋር የመሥራት ፈቃድ በቪክቶሪያ ለበጎ ፈቃደኞች በነጻ ይሰጣል። የሒሳብ ሙያ ያላችሁ ደግሞ ለገንዘብ ያዥነት ራሳችሁን አቅርቡ፤ በየክለቡ ሰው የሚሸሸው ቦታ ይኸው ነው፤ የፊትዝሮይ ዕጣም የተወሰነው እዚያው ላይ ነበር።

ስለ ጉዳት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፉቲ ግጭት ያለበት ጨዋታ ነው። ከአምስት ዓመት ጀምሮ ያሉ ሕፃናት የሚገቡበት ኦስኪክ የተባለው መርሐ ግብር መጋጨትን ስለማይፈቅድ ለመጀመር የተሻለው እርሱ ነው። ልጁ አድጎ ወደ ውድድር ሲገባ የጥርስ መከላከያ ያለ ድርድር ግዙለት። ጭንቅላቱን ተመትቶ ከደነገዘ ያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ አሁን ባለው መመሪያ መሠረትም ወደ ውድድር ለመመለስ ቢያንስ 21 ቀን መጠበቅ አለበት። ልጁ ደህና ነኝ ቢላችሁ፣ አሰልጣኙም ለፍጻሜው ጨዋታ ቢፈልገው፣ እምቢ የማለት መብትና ግዴታ የእናንተ ነው።

ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ፣ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ይከናወናል፤ የጤና ቅናሽ ካርድ ያላችሁ የስቴቱ መንግሥት ለልጆች ስፖርት የሚሰጠው ድጎማ በወቅቱ ክፍት መሆኑን ለክለቡ ጸሐፊ ጠይቁ። ቅጹን ስትሞሉ ልጁ ብቻ ተመዝጋቢ ሆኖ እናንተ ከአባልነት ውጪ እንዳትቀሩ፣ ለወላጅ የተለየ የአባልነት ክፍል ካለ ጠይቃችሁ ሙሉ፤ የምትከፍቱትን ኢሜይልም አስገቡ። የጉባኤው ጥሪ የውድድሩ ዘመን ካለቀ በኋላ የሚመጣው በዚያ ነው፤ የአምናው ሒሳብም ከጥሪው ጋር አብሮ ካልመጣ፣ ከስብሰባው በፊት እንዲላክላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።