ፕሮፌሰርሽ የማያወሩልሽን ዓመታት ጠይቂያቸው

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። የኬሚስትሪ ተመራቂ ነሽ። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፕሮፌሰርሽ ስለ ሳይንስ እየተጫወቱ፣ የወጣትነት ገጠመኛቸውን እያወሩ፣ ከባዱን ትምህርት ሳይታወቃችሁ ያስጨርሷችኋል። «እንደሳቸው መኖር ነው የምፈልገው» ብለሻል። አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ በጂ.ኤ.ነት (በጀማሪ ረዳት መምህርነት) ሊቀጥርሽ ነው። ቤተሰብሽ ግን አጎትሽ ያገኙልሽን የባንክ ሥራ ያዢ ይላሉ። እንግሊዝኛሽ ያሰጋሻል፣ ትዳር እንዳያልፍሽም ትፈሪያለሽ።

«እንደሳቸው መኖር» ያልሽው ላይ ልቆይ፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

ፕሮፌሰርሽ የነገሯችሁን የጀርመናዊውን ኬሚስት የኬኩሌን ሕልም ጽፈሽልኛል። እባብ የራሱን ጅራት ነክሶ አየ፣ ነቃና የቤንዜን ሞለኪውል የካርቦን ቀለበት መሆኑን አገኘ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ዓመቶቹን ተመልከቺ (በፈረንጆቹ ነው)። ፋራዴይ ቤንዜንን ያገኘው በ1825 ነው። ኬኩሌ ካርቦን አራት ትስስር እንደሚፈጥር የጻፈው በ1858፣ የቀለበቱን ሐሳብ ያሳተመው በ1865። ሕልሙን በአደባባይ ያወራው ደግሞ በ1890፣ በርሊን ላይ ለክብሩ በተዘጋጀ በዓል ነው። ሥራው ከታተመ 25 ዓመት በኋላ ማለት ነው!

አንቺ የምትሰሚው ያንን የድግስ ቀን ወሬ ነው። ሥራው ራሱ ግን ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ የፈላ ድብልቅ ማታ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይጠብቅሻል። ክሪስታል አልሠራ ያለሽን ፈሳሽ ብልቃጡን በመስታወት ዘንግ እየፋቅሽ ታባብይዋለሽ። ያዘዝሽው ኬሚካል ወራት ይፈጃል፣ የላክሽው ጽሑፍ ከጆርናል ተመልሶ ይመጣል፣ የሚታረም ፈተና ጠረጴዛሽ ላይ ተቆልሏል። ከኛ ሰውም ብትፈልጊ ዶክተር አክሊሉ ለማን አስቢ። በ1964 (ይህም በፈረንጆቹ ነው) አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ብልሃርዚያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ ነው። ማየቱ የአንድ ቀን ነገር ነበር። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ገድሎ በሽታውን ለመከላከል እንደሚረዳ ዓለምን ማሳመኑ ግን ዓመታት ፈጀ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት በ1989 ነው።

ስለዚህ ፕሮፌሰርሽ ቢሮ ሂጂና «ምንም ያልተሳካልዎት ዓመት የትኛው ነበር? ያኔ ለምን አልተዉትም?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ ክረምቱን ላብራቶሪያቸው ውስጥ እንድትሠሪ ይፍቀዱልሽ፣ ዕቃ ማጠብም ቢሆን። አንዱን ቲትሬሽን (የፈሳሽን መጠነ ይዘት በጠብታ የመለካት ሙከራ) ደጋግመሽ ሠርተሽ ቁጥሮቹ አልገጥም ሲሉሽ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ከነሳሽ መንገዱ ያንቺ ነው። ቶሎ ጨርሼ ልውጣ ካሰኘሽ የወደድሽው ሰውየውን ነው፣ ይህን አሁን ማወቁ ይሻላል።

አባትሽ «በኬሚስትሪ ማን ቤት ሠራ?» ማለታቸው አናዶኛል። የታናናሾችሽ የትምህርት ወጪ እውነት ነው፣ ልትረጂም ይገባል። ግን በወር ስንት? ቁጭ ብላችሁ በብር ጻፉት። ገደብ ያልተበጀለት «ቤተሰብን መርዳት» አንዷን ልጅ ሙሉ በሙሉ ይበላታል፣ በተለይ የመጀመሪያ ልጅ ከሆነች። ባንክ መጥፎ ሥራ አይደለም። ኬሚስትን ግን ከሙያው ያርቃል፣ ጥቂት ዓመት ከቆየሽ መመለሱ ይከብዳል።

ብሩ ግድ ከሆነ ማንም ያላነሳልሽ መንገድ አለ፤ የፋብሪካ ላብራቶሪ። ቢራ፣ መድኃኒት፣ ሲሚንቶ፣ ቆዳ፣ ሁሉም ለጥራት ቁጥጥር ኬሚስት ይቀጥራሉ። እኔ የጀመርኩት ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በየፈረቃው ናሙና ትወስጃለሽ፣ ያንቺ ቁጥር ምርት ያስቆማል፤ ጥንቃቄ እዚያ ይለመዳል። በኋላ ማስተማር ስገባ ተማሪዎቼ «ይሄ የት ይጠቅማል?» ሲሉኝ የምመልሰው ነበረኝ። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ሁለት ዓመት እዚያ ሠርቼ ቀጥሎ ለፒኤችዲ አመለክት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የኬሚስትሪ ክፍሎች የፒኤችዲ ተማሪን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናሉ፣ ላብ እያስተማርሽ ወርሃዊ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ማስተርስ የማይጠይቁም አሉ። ገንዘብ የለኝም ብለሽ አትቅሪ።

ጂ.ኤ.ነቱን ከመረጥሽ ግን ሳትፈርሚ ላብራቶሪውን እይው። መሣሪያው ይሠራል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ለማስተርስ መቼ ይልካሉ? እዚያ ያሉትን ጂ.ኤ.ዎች ሻይ ጋብዘሽ ጠይቂ፣ እውነቱን ይነግሩሻል።

እንግሊዝኛሽ በየቀኑ ጥቂት ገጽ የሳይንስ ጽሑፍ እያነበብሽ ይሻሻላል። ትዳርም ከትምህርት ጋር አይጣላም፤ ማስተርስና ፒኤችዲ እየተማሩ ያገቡ ብዙ ሴቶች አውቃለሁ።

ፕሮፌሰርሽን ግን በዚህ ሳምንት አናግሪያቸው። ክረምት ከገባ በኋላ የላብራቶሪውን ቁልፍ የያዘ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።