መልስ፦ ሰው አደን ትቶ ለምን ማረስ ጀመረ?

«አደንና ለቀማ ከቀለለ ሰው ለምን ወደ እርሻ ገባ?» ላልከው፣ በአንድ ጀምበር የወሰነ የለም። በመካከለኛው ምሥራቅ የናቱፍ ባህል የሚባሉት ሰዎች የበረዶው ዘመን ከ11,700 ዓመት ገደማ በፊት ሳያበቃ የዱር እህል እያጨዱ በአንድ ቦታ መቆየት ጀምረው ነበር። መስፈሩ ቀደመ፣ እርሻው ተከተለ።

የዱር ስንዴ ሲደርስ ፍሬው ይረግፋል። አጫጁ እጅ የሚገባው በብዛት ያልረገፈው ነው። ያንኑ እየመለሱ ሲዘሩት፣ ከረጅም ዘመን በኋላ የማይረግፍ ስንዴ ተገኘ። ማን አስቦበት!

ኑሮ ተሻሻለ ወይ? መጀመሪያ ላይ እንኳ አይመስለኝም። በብዙ ቦታ የቀደምት ገበሬዎች አፅም ቁመቱ ያጠረ፣ ጥርሱ የተበላ ነው። ግን ልጅ በዛ። ያን ሁሉ አፍ ይዞ ወደ ለቀማ መመለስ ደግሞ አይታሰብም። በነገራችን ላይ፣ ቻይና በሩዝ፣ ሜክሲኮ በበቆሎ ለየብቻቸው ነው የጀመሩት።